ሼቬል ወይስ ኩዳ? ጉልበትና ዋጋ ሲለያዩ

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በተማሪዎች ሻይ ቤት አንድ ሙግት ተነሥቶ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዛወር ሰንብቶ፣ ፈተና በተቃረበበት በአሁኑ ሰዓት እንኳ ሊበርድ አልቻለም። ሙግቱ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ማርክም አይደለም፤ ስለ ሁለት አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ነው። አንደኛው ወገን የ1970ዋን ሼቭሮሌ ሼቬል ኤስ.ኤስ. 454 ያነግሣል። ሁለተኛው ወገን ከዚያው ዓመት ፕሊማውዝ ሄሚ ኩዳ ጋር የሚወዳደር መኪና እስከ ዛሬ አልተሠራም ይላል። የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን የፈረስ ጉልበት እየቈጠሩ ያስፈራሩናል፤ የንግድ ሥራ ፋኩልቲዎቹ ደግሞ የጨረታ ዋጋ እየጠሩ ያፌዙብናል። እኛ አፋችንን ከፈት ስናደርግ ግን የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ "እናንተ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ስለ መኪና ምን አገባችሁ?"

እንደሚያገባን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ነገሩ የቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለ ቁጥሮቹ ትተንላቸው ወደ መጽሐፋችን በተመለስን ነበር። ዳሩ ግን "የትኛዋ ትበልጣለች?" የሚለው ጥያቄ በጀርባው ሌላ ጥያቄ አዝሏል፤ ይኸውም "መብለጥ ማለት ምን ማለት ነው?" የሚለው ነው። መኪና የሚበልጠው በሚሠራው ሥራ ነው ወይስ ሰው በሚከፍልለት ገንዘብ? ይህ ደግሞ ከጋራዡ ይልቅ የእኛ ጉዳይ ነው። ስለዚህ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" እንደሚባለው ከመሠረቱ እንጀምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

የነገሩ መነሻ

አሜሪካኖች "ማስል ካር" የሚሏቸው፣ ባለ ጡንቻ መኪና እንደ ማለት ነው፣ አሠራራቸው ለመግለጽ ቀላል ነው። ለቤተሰብ የታሰበ መካከለኛ መኪና ይወሰድና ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር ይገጠምበታል። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስጀመረችው የ1964ዋ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ናት። በዚያን ጊዜ የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ቴምፔስት በምትባለው መኪና ላይ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ገጠሙባት፤ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ያህል ተሸጠላቸው። ገበያው መኖሩ ከታወቀ በኋላማ ማን ይቅር? ፎርድም፣ ክራይስለርም፣ የጄኔራል ሞተርስ ሌሎች ክፍሎችም ተከታትለው ገቡበት።

ይሁን እንጂ ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም በራሱ ላይ ደንብ አውጥቶ ነበር። ይህ ደንብ ለ1970 ሞዴል ሲነሣ ሼቬል 454ን አገኘች። በዚያው ዓመት ፕሊማውዝም ባራኩዳን እንደ አዲስ ቀርጾ፣ ሰፋ አድርጎ፣ ትልልቆቹ ሞተሮቹ በኮፈኑ ሥር እንዲገቡ አደረገ። የባራኩዳ ጉልበተኛ ዓይነት "ኩዳ" ተባለች፤ ባራኩዳ ስለታም ጥርስ ያለው የባሕር ዓሣ ስም መሆኑን ላስተዋለ ስሙ ባዶ ፉከራ አይደለም። እንግዲህ ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ ለአንድ ዓይነት ደንበኛ ተሠርተው ቀረቡ ማለት ነው።

ሁለቱ ሞተሮች

የሼቬሏ ከፍተኛ ሞተር ኤል.ኤስ. 6 ይባላል። መጠኑ 454 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7.4 ሊትር ነው። ፋብሪካው 450 የፈረስ ጉልበት እንዳለው አስታወቀ። አንድ ትልቅ ባለ አራት አፍ ሆሊ ካርቡራተር ተሸክሟል። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሲረግጥ፣ በኮፈኑ ላይ በመስተዋቱ በኩል ያለችው ትንሽ መዝጊያ ትከፈትና ቀዝቃዛ አየር ወደ ሞተሩ ታስገባለች።

የኩዳዋ ሄሚ መጠኑ 426 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7 ሊትር ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈለት 425 የፈረስ ጉልበት ነው። "ሄሚ" የተባለው የሚቃጠልበት ክፍል የግማሽ ድቡልቡል ቅርፅ ስላለው ነው። ይህ ቅርፅ ትልልቅ ቫልቮችን ፊት ለፊት አስቀምጦ አየሩ በቀላሉ እንዲገባና እንዲወጣ ያደርጋል፤ በለውጡ ግን ቴስታታው ሰፊና ከባድ ይሆናል፤ ካንዴላውም በሽፋኑ መካከል አልፎ ይገባል። በላዩ ሁለት ባለ አራት አፍ ካርተር ካርቡራተሮች አሉት። ሞተሩ የተወለደው ለእሽቅድምድም ነው። በ1964 የዴይቶና 500 ውድድር ሪቻርድ ፔቲ በፕሊማውዝ ያሸነፈው በዚሁ ሞተር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የውድድሩ ባለ ሥልጣኖች "ለሕዝብ ያልተሸጠ ሞተር አይወዳደርም" የሚል አቋም ስለ ያዙ፣ ክራይስለር ከ1966 ጀምሮ ለመንገድ የሚሆነውን ሄሚ መሸጥ ጀመረ። ስለዚህ ሄሚን የገዛ ሰው የገዛው የውድድር ሜዳ መሣሪያን ነው፤ ጠባዩም ይህንኑ ይመስላል።

እዚህ ላይ የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። 450 ከ425 ይበልጣል ብሎ ሙግቱን መዝጋት አይቻልም። በዚያን ጊዜ ጉልበት የሚለካው ሞተሩን ከመኪናው ለይቶ፣ የሚሸከመውን ተጨማሪ ዕቃ አውልቆ ነበር፤ አምራቾቹ እንደ መኪናው ሁኔታ መለካትን ደንብ ያደረጉት ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያም በላይ ቁጥሩን የሚያነበው ገዢው ብቻ አልነበረም፤ የኢንሹራንስ ኩባንያውም ያነበው ነበር። የሄሚ ቁጥር ከ1966 እስከ 1971 ድረስ ከ425 ፈቀቅ አለማለቱ ብቻውን የሚያስጠረጥር ነው። ቁጥር የተጻፈበትን ምክንያት ሳይጠይቁ ቁጥር መጥቀስ ታሪክ ተምሮ ያላለፈ ሰው ስሕተት ነው።

በሩጫው ሜዳ

የእነዚህ መኪኖች መፈተኛ ሩብ ማይል፣ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። የዘመኑ የመኪና መጽሔቶች ባደረጉት ሙከራ ሁለቱም ያንን መንገድ ከ13 እስከ 14 ሰኮንድ ባለው ጊዜ ጨርሰውታል። አንዱ ሙከራ ለአንዷ፣ ሌላው ለሌላዋ ያደላል፤ ልዩነቱ ግን ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ከሚያባክነው ቅጽበት አይበልጥም። ሁለቱም ክብደታቸው ወደ 1,800 ኪሎ ግድም ነው። ሁለቱም ሲነሡ ያሸነፋቸው ባላጋራ ሳይሆን የራሳቸው ጎማ ነው፤ የዘመኑ ጎማ ይህን ሁሉ ጉልበት ወደ መሬት ማስተላለፍ አቅቶት እየጨሰ ይሽከረከራል።

ስለዚህ በቀጥታ መንገድ ላይ እኩል ናቸው ብለን ብንፈርድ ማንንም አልበደልንም። ልዩነቱ የሚታየው ሩጫው ካለቀ በኋላ ነው። ሼቬሏ የቤተሰብ መኪና ልጅ ናት፤ በፊትና በኋላ እግሯ መካከል ያለው ርቀት 2.84 ሜትር ሲሆን የኩዳዋ 2.74 ሜትር ነው። በሼቬሏ የኋላ ወንበር ሰው እንደ ሰው ይቀመጣል፤ በኩዳዋ ግን ጉልበቱን አቅፎ ነው። በአራቱም እግሯ ሞላ ስላላት ለመንገደኛ ትመቻለች፤ ኩዳዋ ከኋላ በባሌስትራ ትሄዳለች። ሼቬል ኤስ.ኤስ. የፊት ዲስክ ፍሬን ይዛ ትወጣ ነበር፤ የኩዳ ገዢ ዲስክ ፍሬን ካማረው ለብቻው ማዘዝ ነበረበት። ያን ያህል የሚሮጥ መኪና መቆሚያው በትእዛዝ ሲሆን ለእኛ አስገራሚ ነው። በዚያው በ1970 በአሜሪካ መንገዶች ላይ ከ50,000 በላይ ሰዎች በአደጋ መሞታቸውን ስናስብ ደግሞ አስገራሚነቱ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

በጥገናም በኩል የሼቬሏ ሚዛን ይደፋል። አንድ ካርቡራተር ማስተካከል ሁለት እንደ ማስማማት አያደክምም፤ የሼቭሮሌ ትልቅ ሞተር መለዋወጫም በብዛት ይገኛል። ለእውነት ሲባል ግን ኤል.ኤስ. 6 የቫልቩ ክፍተት በየጊዜው እየተለካ መስተካከል እንዳለበት፣ የ1970ው ሄሚ ግን ከዚህ ጣጣ ነፃ መሆኑን መሰወር አይገባንም። ሁሉን ደምረን ስንመለከተው፣ በሥራ ከተመዘኑ ሼቬሏ በጥቂቱ ትበልጣለች። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይባላል፤ ከሁለቱ ፈረሶች ባለቤቱን ከነጓደኞቹ የምታደርሰው እርሷ ናት።

ብርቅነት ከወዴት መጣ?

አሁን ወደ ንግድ ሥራ ወዳጆቻችን እንዙር። እነርሱ የሚጠቅሱት ማስረጃ አጭርና ከባድ ነው። በ1971 የተሠራችና ጣሪያዋ የሚከፈት አንዲት ሄሚ ኩዳ በ2014 በሲያትል ጨረታ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2021 ደግሞ በኢንዲያናፖሊስ ጨረታ ለሌላዋ እኅቷ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ቢጠራላት ባለቤቷ ሳይሸጥ ቀረ። ሼቬል ምንም ብትወደድ ከዚህ ደረጃ አትጠጋም። "እንግዲህ ገበያው ፈርዷል" ይሉናል።

ገበያው ምን እንደ ፈረደ ግን እንመርምር። ለ1970 ሞዴል የተሠራው ኤል.ኤስ. 6 ብዛት 4,475 ነው። በዚያው ዓመት የተሠሩት ሄሚ ኩዳዎች ግን ጣሪያቸው ዝግ የሆነው 652፣ የሚከፈተው 14 ብቻ ናቸው። በ1971 ቁጥሩ ከዚህም አሽቈለቈለ፤ ጣሪያቸው የሚከፈት አሥራ አንድ ያህል ብቻ እንደ ተሠሩ ይነገራል። ከዚያ ዓመት በኋላ ሄሚው ከናካቴው ቀረ።

ለምን እንዲህ አነሱ? ፋብሪካው ብርቅ ላድርጋቸው ብሎ ነውን? በፍጹም። ፋብሪካው የቻለውን ያህል ቢሸጥ ደስ ባለው ነበር። ያነሱት ሰው ስላልገዛቸው ነው። በ1970 ኩዳ ራሷ 3,164 ዶላር ስትሆን፣ ሄሚን ለማስገጠም ብቻ ሌላ 871.45 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ ይህም ከመኪናዋ ዋጋ ሩብ በላይ ነው። በዚህ ላይ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወጣት ሹፌርና ትልቅ ሞተር አንድ ላይ ሲያዩ ክፍያውን ያንሩት ነበር። ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ለሽርሽር የሚፈልጋት እንጂ በሩጫ ሜዳ የሚቃጠልባት አልነበረም፤ ስለዚህ ከፋች ጣሪያና ሄሚ በአንድ ትእዛዝ ወረቀት ላይ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። ወዲያውም በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ መጣ፤ በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ ተከተለ፤ የዘመኑም በር ተዘጋ።

ስለዚህ የዛሬው ሚሊዮን የትናንቱ እምቢታ ጥላ ነው። ኩዳዋ ውድ የሆነችው ጥሩ ስለ ነበረች ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ሆና ሳለች ገዢ በማጣቷ ነው። ሼቬሏ ደግሞ ርካሽ የሆነችው (በመቶ ሺህ ዶላር የሚገመተውን ርካሽ ማለት ከተቻለ) ብዙ ሰው በዘመኗ ስለ ወደዳት ነው። አንዷ በመወደዷ ትቀጣለች፤ ሌላዋ በመጠላቷ ትሸለማለች። ይህን ፍርድ "ትበልጣለች" ለሚለው ቃል መልስ አድርገው ለሚያቀርቡልን ሰዎች፣ ብዛትና ማነስ የመልካምነት ሚዛን የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ብለን እንጠይቃለን።

የማስረጃ ነገር

ለኩዳዋ ግን ከብርቅነቷ ሌላ አንድ ጠንካራ ምስክር አላት፤ ይህን ሳናነሣ ብናልፍ ግፍ ይሆናል። የክራይስለር መኪና የመለያ ቁጥር አምስተኛው ምልክት የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። የ1970 ሄሚ ኩዳ ቁጥር "ቢ ኤስ 23 አር" ብሎ ይጀምራል፤ "አር" ያለችው ፊደል ሄሚ ማለት ናት። ስለዚህ መኪናዋ ስትወለድ ምን እንደ ነበረች በአካሏ ላይ ተጽፏል።

የሼቬሏ ቁጥር ይህን አይናገርም። ኤስ.ኤስ. የተባለው ነገር በማሊቡ ላይ የሚጨመር ትእዛዝ ስለ ነበረ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ማሊቡ ኩፔ ሁሉ፣ ተራዋም ጉልበተኛዋም፣ "13637" ብላ ትጀምራለች። ለይቶ ለማወቅ በሞተሩ ላይ የተመቱትን ፊደላት ማየት፣ ከተገኘም ሠራተኞቹ መኪናዋን ሲገጣጥሙ በቤንዚን ታንኩ አናት ላይ የተዉትን የትእዛዝ ወረቀት መፈለግ ያስፈልጋል። ያ ወረቀት ሃምሳ ዓመት ዝናብና ጭቃ ችሎ ከተረፈ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው። ካልተረፈ ግን ተራ ማሊቡ ገዝቶ፣ ሞተር ቀይሮ፣ ምልክት ለጥፎ፣ ፊደል አስመትቶ "ኤል.ኤስ. 6" ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። እንዲያውም ሞልቷል።

እነሆ የአርት ፋኩልቲ ሰው የሚያገባው እዚህ ላይ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚመረምር ሰው ቀለሙን፣ አጻጻፉን፣ የባለቤቱን ስም፣ የኅዳጉን ማስታወሻ እንደሚያይ፣ አሮጌ መኪና የሚገዛም ሰው እንዲሁ ማድረግ አለበት። በመሰብሰብ ረገድ ኩዳዋ የምትበልጠው በማነሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንከራከር ነበር፤ ማንነቷን ለማስመስከር በመቻሏ ግን እጅ እንሰጣለን። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለብረት አይደለም፤ ለእርግጠኝነት ነው።

ማን ሠራት? ማን ይነዳታል?

ከሁለቱ ወገኖች አፍ ያልሰማነው አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የሠሯቸው ሰዎች ነገር ነው። ባራኩዳ በብዛት ይገጣጠም የነበረው በሚሺጋን፣ በሐምትራምክ ከተማ፣ ዶጅ ሜን በሚባለው ትልቅ ፋብሪካ ነው። በዚያ ፋብሪካ በሜይ 1968 ሠራተኞች የመገጣጠሚያው መስመር ፍጥነት ከአቅማችን በላይ ሆነ ብለው ሥራ አቆሙ፤ ከዚያም ወዲያው ድረም በመባል የታወቀው የጥቁር ሠራተኞች ንቅናቄ ተመሠረተ። የፍጥነት መኪና የሚሠሩትን ሰዎች ያስመረራቸው ፍጥነት ነበር! በጄኔራል ሞተርስም በኩል በ1970 መኸር 400,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ለ67 ቀን ሥራ አቁመዋል። ዶጅ ሜን በ1980 ተዘግቶ ፈረሰ። በቦታውና በአካባቢው ላይ የኩዳዋ ባላጋራ የነበረው ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ1985 ፋብሪካ ከፈተ፤ በ2021 ደግሞ በዚያው ቦታ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሐመር ማምረት ጀመረ። የፕሊማውዝ ስም እንኳ በ2001 ጠፍቷል።

ይህን የምናነሣው ለማዘን ብቻ አይደለም። ሁለቱም መኪኖች የተሸጡት ደመወዝተኛ ወጣት በወር ክፍያ እንዲገዛቸው ታስቦ ነበር። ዛሬ የዚያ ወጣት የልጅ ልጅ ኩዳዋን ማየት የሚችለው በገመድ ማዶ ሆኖ ነው። ባለቤቷም ቢሆን አይነዳትም፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከዋጋዋ የሚቀንስ ይመስለዋልና። መኪና ደግሞ ቆማ አትከብርም፤ ጎማዋ ይደርቃል፣ ቤንዚኗ ይበላሻል፣ ፍሬኗ ይይዛል። የማትሄድ መኪና በሣጥን ተቆልፎ እንደማይነበብ መጽሐፍ ናት፤ ባለቤቷ ያለው ንብረቷ እንጂ እርሷ አይደለችም። ሼቬሏን ግን ዛሬም በእሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ጭኖ የሚነዳት ባለቤት አላት። ርካሽነቷ ሕይወቷን አተረፈላት።

ፍርዳችን

"መጠበቅም ክብር ነው፤ ያልተነዳች መኪና ለሚመጣው ትውልድ ማስረጃ ትሆናለች" የሚለን ሊኖር ይችላል። አንክድም። ጥቂቶቹ፣ ቀለማቸውና ቡሎናቸው ሳይነካ፣ በሙዚየም ይቀመጡ፤ የተረፉት ግን ይሂዱ። ሁሉም ከተቆለፈባቸው የሚመጣው ትውልድ የሚያየው ቅርጽ ነው እንጂ ሞተሩ ሲነሣ የሚሰማውን ድምፅ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዳችን ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ለያይተን እንሰጣለን። በሥራ ሼቬል ትበልጣለች፤ በጥቂቱ ቢሆንም ትበልጣለች። በመሰብሰብ ኩዳ ትበልጣለች፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የተቃወምነው ሁለተኛውን ፍርድ እያነሡ በመጀመሪያው ላይ መለጠፍን ነው። ይህ ልማድ በመኪና ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ዳሩ ግን በዲግሪም፣ በሰውም፣ በመጽሐፍም ላይ ሲደረግ በየቀኑ እናያለን። "ስንት ያወጣል?" የሚለው ጥያቄ "ምን ይሠራል?" የሚለውን ሲውጠው ዝም ብለን ማየት የለብንም።

የኢንጂነሪንግም የንግድ ሥራም ወዳጆቻችን ተሸነፍን ብለው እንደማይቀበሉን እናውቃለን። ሻይ ቤት ውስጥ መጮኽ ግን በቂ አይደለም። ብዕር ያንሡና በሚቀጥለው እትም ይመልሱልን፤ እኛም ሻያችንን ይዘን እንጠብቃለን።